በሰው አገር ፎቅ ላይ ቤት መግዛት፤ የባንኮክ የጋራ ሕንፃዎችና የውጭ አገር ነዋሪዎች መብት ታሪክ

ቤት የመሬት ተከታይ ነው። መሬቱ የማን እንደ ሆነ ከታወቀ፣ በላዩ የቆመው ጎጆም ሆነ ግንብ የዚያው ሰው መሆኑ ለብዙ ዘመን ሲያከራክር አልኖረም። የሮማ የሕግ ሊቃውንት ይህንኑ አሳብ በደንብ መልክ አስፍረው፣ በመሬት ላይ የተሠራ ሁሉ ለመሬቱ ባለቤት ይገባል ሲሉ ደንግገዋል። በአገራችንም ርስት ሲባል በሰው አእምሮ ቀድሞ የሚመጣው አፈሩ እንጂ ጣራው አልነበረም። ስለዚህ በሃያኛው ምዕተ ዓመት የተስፋፋው የኮንዶሚኒየም አሠራር፣ ከመሬት ሠላሳና አርባ ሜትር ከፍ ብሎ የሚገኝ ክፍል ራሱን ችሎ በባለቤትነት ሊያዝ ይችላል ማለቱ በሕግም በምሕንድስናም ረገድ ቀላል ለውጥ አይደለም። ነገሩ ይበልጥ የሚወሳሰበው ደግሞ ገዢው የአገሩ ተወላጅ ሳይሆን፣ ከሌላ አገር መጥቶ የተቀመጠ ሰው በሆነ ጊዜ ነው።

ይህን ጥያቄ ረዘም ላለ ጊዜ ከተጋፈጡት ከተሞች መካከል አንዷ የታይላንድ ዋና ከተማ ባንኮክ ናት። በባንኮክ የውጭ አገር ሰው ቤትና መሬት መግዛት ይችላል ወይስ አይችልም የሚለው ጥያቄ በ1855 ተነሥቶ፣ በ1909፣ በ1970፣ በ1991 እና በ1999 ልዩ ልዩ መልስ ተሰጥቶት፣ በ2024 እንደገና አደባባይ ወጥቷል። (በተለይ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የዚህን ታሪክ አካሄድ መመርመር፣ በአሁኑ ጊዜ ተመሳሳይ በር ለከፈተችው ለአገራችንም ሆነ በውጭ አገር ቤት ለመግዛት ለሚያስብ ወገን ጠቃሚ ነው።

የፎቅ ባለቤትነት አመጣጥ

አንድን ቤት በፎቅ በፎቅ ከፋፍሎ ለተለያዩ ሰዎች የመስጠት ልማድ በአውሮፓ የቆየ ነው። በፈረንሣይ አገር የሬን ከተማ በ1720 በእሳት ከጋየች በኋላ እንደገና ስትሠራ፣ የተቃጠለባቸው ሰዎች አንድን ሕንፃ በየፎቁ ተካፍለው መያዛቸው የታወቀ ነው። በ1804 የወጣው የናፖሌዎን የፍትሐ ብሔር ሕግ በ664ኛው አንቀጹ ይህንኑ ልማድ ተቀብሎ፣ ዋና ዋናዎቹ ግድግዳዎችና ጣራው በሁሉም ወጪ ይጠገናሉ፤ እያንዳንዱ የሚረግጠውን ወለል ራሱ ይሠራል፤ ደረጃውንም የአንደኛው ፎቅ ባለቤት እስከ ራሱ፣ የሁለተኛው ባለቤት ከዚያ በላይ እስከ ራሱ ይሠራል ሲል ወሰነ። መሐንዲስ የሆነ አንባቢ እንደሚገነዘበው፣ በዚህች አጭር አንቀጽ ውስጥ የኮንዶሚኒየም ሕግ ሁሉ ፍሬ ነገር ይገኛል። የተናጠል የሆነውና የጋራ የሆነው ይለያል፤ ለጋራው ማን ስንት እንደሚያወጣም ይታወቃል።

ሁሉም አገሮች ግን በዚህ አልተስማሙም። በ1900 የጸናው የጀርመን የፍትሐ ብሔር ሕግ የፎቅ ባለቤትነት ጠብ ያበዛል በሚል አሳብ ሳይቀበለው ቀርቶ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የፈረሱትን ከተሞች መልሶ ለመሥራት ሲባል በ1951 በልዩ ሕግ ፈቀደው። ቤልጅግ በ1924፣ ፈረንሣይ በ1938፣ ፖርቶ ሪኮ በ1958 የየራሳቸውን ዝርዝር ሕግ አወጡ። የአውስትራሊያዋ ኒው ሳውዝ ዌልስ በ1961፣ ሲንጋፖር በ1967 ተከተሉ። ኢትዮጵያም ብትሆን ከዚህ ጉዞ ውጭ አልነበረችም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከ1281ኛው አንቀጽ ጀምሮ ስለ ፎቅና ስለ ክፍል ባለቤትነት በዝርዝር ይናገራል። አዲስ አበባ ጥቂት ፎቅ ብቻ በነበራት ዘመን ይህ ክፍል በሕጉ ውስጥ መግባቱ፣ አርቃቂው ፈረንሣዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ከራሱ አገር የሕግ ልማድ ያመጣው መሆኑን ያስረዳል።

ታይላንድ የጋራ ሕንፃ ሕጓን ያወጣችው በ1979 ነው። ነገር ግን ይህ ሕግ በባዶ ቦታ ላይ አልተተከለም። ከእርሱ በፊት የውጭ አገር ሰውንና መሬትን የሚመለከት የመቶ ሃያ አራት ዓመት ክርክር ነበረ።

ከ1855 እስከ 1970

በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ የአገሩ ስም ሲያም ነበር። ንጉሥ ሞንግኩት በዙሪያቸው ያሉት መንግሥታት አንድ በአንድ በቅኝ ገዢዎች እጅ ሲገቡ እያዩ፣ ከእንግሊዝ ጋር መዋዋል ከመዋጋት ይሻላል ብለው ስላመኑ፣ የሆንግ ኮንግ ገዢ ከነበረው ከሰር ጆን ቦውሪንግ ጋር በሚያዝያ ወር 1855 ውል ተፈራረሙ። ውሉ በይበልጥ የሚታወቀው ንግድን በመክፈቱና የእንግሊዝ ዜጎችን ከሲያም ፍርድ ቤት አውጥቶ በቆንስላቸው ዳኝነት ሥር በማድረጉ ነው። በ1908 በክሎቡኮውስኪ ውል የውጭ ዜጎች ዳኝነት ጉዳይ በአገራችን ያስነሣውን ክርክር የሚያስታውስ ሰው የዚህን ክብደት በቀላሉ ይረዳል።

የዚሁ ውል አራተኛ አንቀጽ የሚናገረው ግን ስለ ቤትና ስለ መሬት ነው። በዚያ መሠረት አንድ እንግሊዛዊ ከከተማው ቅጥር 4 ማይል፣ ማለት 6 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል፣ በሚደርስ ርቀት ውስጥ መሬት ለመግዛት 10 ዓመት በአገሩ መኖር፣ አለዚያም ከመንግሥቱ ልዩ ፈቃድ ማግኘት ነበረበት። ከዚያ ወዲያ ግን በአገሩ ጀልባ የ24 ሰዓት መንገድ እስከሚያደርሰው ድረስ ቤትም ሆነ እርሻ በማናቸውም ጊዜ መግዛት ወይም መከራየት ይችል ነበር። ገዢው ጥያቄውን በቆንስሉ በኩል ለሲያም ሹም ያቀርባል። ሹሙና ቆንስሉ የሰውየውን ቅን አሳብ ካረጋገጡ በኋላ በዋጋው ያስማማሉ፤ ወሰኑንም ያስከልላሉ። መሬቱን ከተረከበ በኋላ በ3 ዓመት ውስጥ ማልማት ካልጀመረ፣ መንግሥት የከፈለውን ዋጋ መልሶ መሬቱን የመውሰድ ሥልጣን ነበረው።

እነዚህ ቃሎች በጥንቃቄ ሊታዩ ይገባል። በመድፍ ጥላ ሥር የተፈረመ ውል ቢሆንም፣ የሲያም ሹማምንት ከተማዋን ራሷን ከፈጣን ሽያጭ ለመከላከል የቻሉትን ያህል ሦስት አጥሮች አስቀምጠውበታል። አንደኛው የኑሮ ዘመን፣ ሁለተኛው ርቀት፣ ሦስተኛው የማልማት ግዴታ ነው። በዘመናችን ሕግ ውስጥ የሚታዩት ገደቦች አብዛኞቹ የእነዚሁ ልጆች መሆናቸው ቀጥሎ ይታያል።

የውጭ አገር ሰዎች መስፈር የከተማዋን መልክ ለወጠው። እስከዚያ ድረስ ባንኮክ በቦይና በጀልባ የምትኖር ከተማ ነበረች። በ1861 ቆንስሎቹ በሠረገላና በፈረስ የሚሄዱበት መንገድ ባለመኖሩ ጤናችን ተጓደለ ብለው አቤት በማለታቸው፣ ንጉሡ ቻሮን ክሩንግ የተባለውን መንገድ አሠርተው በ1864 ተፈጸመ። የንግድ ቤቶችና የቆንስላ ሕንፃዎች በዚሁ መንገድና በወንዙ ዳር ተደረደሩ።

ንጉሥ ቹላሎንግኮርን በነገሡበት ዘመን ደግሞ ከሁሉ የበለጠ ሥራ ተሠራ። በ1901 የመሬት መሥሪያ ቤት ተቋቁሞ፣ በደቡብ አውስትራሊያ በ1858 የተጀመረውን የቶረንስ አሠራር በመከተል፣ በቅየሳ ላይ የተመሠረተ የባለቤትነት ደብተር መስጠት ተጀመረ። ከዚያ ወዲህ የመሬት መብት በሽማግሌ ምስክርነትና በግብር ደረሰኝ ሳይሆን በመንግሥት መዝገብ የሚረጋገጥ ሆነ። ይህ የቀያሾች ሥራ ባይኖር ኖሮ ከሰባ ስምንት ዓመት በኋላ የፎቅ ክፍልን ለይቶ መመዝገብ ባልተቻለም ነበር።

መዝገቡና ፍርድ ቤቱ ሲሻሻሉ ሲያም ከኃያላኑ ጋር ለመደራደር አቅም አገኘች። በ1909 ከእንግሊዝ ጋር በተደረገው ውል ኬዳህን፣ ፐርሊስን፣ ኬላንታንንና ትሬንጋኑን ለእንግሊዝ ለቅቃ፣ በለውጡ የእንግሊዝ ዜጎች ወደ ሲያም ፍርድ ቤቶች ሥልጣን እንዲገቡ አደረገች። የእንግሊዝ ዜጎችም በንብረት ረገድ የተወላጁን ያህል መብት እንዲያገኙ ተስማማች። መሬት የመግዛት መብት ከዳኝነት ነጻነት ጋር የተለወጠበት ይህ ድርድር የዋጋውን ክብደት ያሳያል፤ አንዱን ሉዓላዊነት ለማስመለስ ሌላው ተከፍሏልና።

አገሩ በ1939 ታይላንድ ተብሎ ከተሰየመ በኋላ፣ በ1954 የወጣው የመሬት ሕግ በ86ኛው አንቀጹ የውጭ አገር ሰው መሬት ሊይዝ የሚችለው አገሩ ከታይላንድ ጋር ይህን የሚፈቅድ ውል ያላት እንደ ሆነ ብቻ ነው ሲል ወሰነ። በ1970 ደግሞ የታይላንድ መንግሥት በውሎቹ ውስጥ የነበሩትን የመሬት አንቀጾች አስቀረ። አንቀጹ በሕጉ ውስጥ እንዳለ ቀረ፤ የሚያሠራው ውል ግን አልነበረም። በዚህ ሁኔታ በ1855 የተከፈተው በር ከ115 ዓመት በኋላ ተዘጋ።

የ1979 አዋጅና የ49 በመቶ ወሰን

የጋራ ሕንፃ አዋጁ በ1979 ሲወጣ ዋና ዓላማው የከተማውን ሕዝብ በጠባብ መሬት ላይ በብዛት ማስፈር እንጂ የውጭ ገዢ መጋበዝ አልነበረም። ለውጭ አገር ሰዎች በሰፊው የተከፈተው በ1991 በተደረገው ማሻሻያ ነው። በዚያን ጊዜ ከሕንፃው የተናጠል ቤቶች ጠቅላላ ስፋት እስከ 40 በመቶ የሚሆነውን የውጭ አገር ሰዎች እንዲይዙ ተፈቀደ። በ1999 ወሰኑ ወደ 49 በመቶ ከፍ አለ።

ሕጉ የውጭ ገዢዎችን በየወገናቸው ይለያል። በአገሩ ውስጥ በቋሚነት የመኖር ፈቃድ ያለው፣ በኢንቨስትመንት ሕግ ልዩ ፈቃድ የተሰጠው፣ ወይም የግዢውን ዋጋ በውጭ ገንዘብ ከውጭ ያስገባ ሰው መግዛት ይችላል። በተግባር ብዙዎች የሚገዙት በመጨረሻው መንገድ ነው። ከዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። በ1855 የተጠየቀው የ10 ዓመት ኑሮ ነበር፤ ከ1991 ወዲህ ግን በአገሩ አንድ ሌሊት ያላደረ ሰው እንኳ፣ ገንዘቡ ድንበር ተሻግሮ መምጣቱን በባንክ ወረቀት ካስረዳ ባለቤት ይሆናል። በአንጻሩ በባንኮክ ለዓመታት ሠርቶ ደመወዙን በባት ያጠራቀመ የውጭ አገር ሰው፣ የቋሚ ነዋሪነት ፈቃድ ከሌለው፣ በዚያ ባጠራቀመው ገንዘብ ቤቱን በስሙ ሊያስመዘግብ አይችልም። ሕጉ የሚመዝነው የሰውየውን ኑሮ ሳይሆን የውጭ ምንዛሪውን ነው።

የአሠራሩን ሁኔታ በምሳሌ ማየት ይቻላል። የአንድ ሕንፃ የተናጠል ቤቶች ጠቅላላ ስፋት 10,000 ካሬ ሜትር ነው እንበል። የውጭ አገር ሰዎች ድርሻ ከ4,900 ካሬ ሜትር ሊያልፍ አይችልም። ከዚህ ውስጥ 4,880ው አስቀድሞ ተይዞ ከሆነ የቀረው 20 ካሬ ሜትር ብቻ ስለሆነ፣ 35 ካሬ ሜትር የሆነ ክፍል የሚሸጥ ቢኖር የውጭ አገር ሰው ሊገዛው አይችልም፤ ያንኑ ክፍል ታይላንዳዊ ግን ይገዛዋል። ስለዚህ ገዢው ወደ መሬት መሥሪያ ቤት ከመሄዱ በፊት፣ ሕንፃውን የሚያስተዳድረው የሕግ ሰውነት ያለው ማኅበር የውጭ ዜጎች ድርሻ ገና እንዳልሞላና ሻጩም የጋራ ወጪ ዕዳ እንደሌለበት የሚገልጽ ማስረጃ እንዲሰጥ ያስፈልጋል። ማስረጃው ካልቀረበ ዝውውሩ አይመዘገብም። በአንድ ሕንፃ ውስጥ ለውጭ አገር ሰው ሊሸጥ የሚችለው ክፍል፣ ሊሸጥ ከማይችለው ተመሳሳይ ክፍል ብዙ ጊዜ በዋጋ የሚበልጠውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ወሰኑ ከግማሽ በታች የሆነበት ምክንያት ሲመረመር ሁለት ነገር ይገኛል። አንደኛው መሬቱ ነው። ሕንፃው ሲመዘገብ ከሥሩ ያለው መሬት የባለቤቶቹ ሁሉ የጋራ ንብረት ስለሚሆን፣ ክፍል የገዛ የውጭ አገር ሰው በተዘዋዋሪ የመሬት ተካፋይ ይሆናል። የመሬት ሕጉ በዋናው በር የከለከለውን የጋራ ሕንፃ ሕጉ በጎን በር በመጠን አስገባው ማለት ነው። ሁለተኛው አስተዳደሩ ነው። በባለቤቶች ጉባኤ ላይ የእያንዳንዱ ድምፅ የሚቆጠረው በድርሻው ልክ ስለሆነ፣ የውጭ አገር ሰዎች ሁሉ በአንድ አሳብ ቢሰበሰቡ እንኳ ተራው ብልጫ የአገሬው ተወላጆች ነው። ገዢው የክፍሉ ጌታ ይሆናል፤ የሕንፃው ጌታ ግን አይሆንም።

መብቱም በትውልድ ያለ ገደብ አይተላለፍም። የሟቹ ወራሽ የውጭ አገር ሰው ሆኖ ሕጉ የሚጠይቀውን ሁኔታ ካላሟላ፣ ክፍሉን በአንድ ዓመት ውስጥ መሸጥ ይኖርበታል። ድርሻው ሞልቶበት በኪራይ የሚገባ ሰውም ቢሆን በአገሩ የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት በአንድ ጊዜ ከ30 ዓመት በላይ ሊከራይ አይችልም። በታይላንዳውያን ስም በተቋቋመ የይስሙላ ኩባንያ በኩል መሬት መያዝ ደግሞ ሕጉ በግልጽ የሚከለክለው ነው።

የ1997 ውድቀት

ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ባንኮክ በዓለም ፈጥነው ከሚያድጉ ከተሞች አንዷ ነበረች። የአገሩ ገንዘብ ባት ለአንድ የአሜሪካ ዶላር 25 ያህል ሆኖ ለዓመታት ስለጸና፣ የገንዘብ ኩባንያዎች ዶላር በዝቅተኛ ወለድ ተበድረው በባት ለሕንፃ ሥራ አበደሩ። ተበዳሪው ገቢው በባት፣ የአበዳሪው ዕዳ በዶላር ነበር። ሕንፃዎቹም ገና በወረቀት ላይ እያሉ ይሸጡ ነበር። የመጀመሪያው ገዢ መነሻውን ከፍሎ፣ ሕንፃው ከመሬት ሳይነሣ ውሉን ለሁለተኛው በትርፍ ያስተላልፋል። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል እንደሚባለው፣ በዚህ ዓይነት የተገነባው ሁሉ ሊለቀም የሚገባበት ቀን ደረሰ።

ሐምሌ 2 ቀን 1997 የታይላንድ መንግሥት የባትን ዋጋ ለገበያ ለቀቀ። በጥር 1998 አንድ ዶላር ከ50 ባት በላይ ሆነ። ሥራቸው ከታገደባቸው 58 የገንዘብ ኩባንያዎች 56ቱ በታኅሣሥ 1997 ለዘለቄታው ተዘጉ። ገንዘብ ሲቆም የኮንክሪት ማደባለቂያውም ቆመ። በመቶ የሚቆጠሩ ሕንፃዎች አጽማቸው ብቻ እንደ ቆመ ቀሩ። ከእነዚህ በይበልጥ የታወቀው በ1990 ተጀምሮ በ1997 የተቋረጠው ሳቶን ዩኒክ የተባለው የ49 ፎቅ ሕንፃ ነው። በእነዚህ ሕንፃዎች ውስጥ ክፍል የገዙ ሰዎች፣ ተወላጅም ሆኑ የውጭ አገር፣ በእጃቸው የቀረው የከፈሉበት ደረሰኝ ብቻ ነበር። ባለቤትነት የሚመዘገበው ሕንፃው አልቆ ሲረጋገጥ ነውና፣ ያላለቀ ሕንፃ ክፍል በሕግ ፊት ክፍል አይደለም።

መንግሥት ከዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት ብድር ተቀብሎ፣ ከዚሁ ጋር በተያያዘ በ1999 አሥራ አንድ የኢኮኖሚ ሕጎችን አወጣ። ተቃዋሚዎች እነዚህን ሕጎች አገር የሚሸጡ ሕጎች ሲሉ ሰየሟቸው። ከመካከላቸው አንዱ የጋራ ሕንፃው ማሻሻያ ነበር። ወሰኑን 49 በመቶ ከማድረጉም በላይ፣ በባንኮክና በአንዳንድ ከተሞች መሬታቸው ከ5 ራይ፣ ማለት ከ8,000 ካሬ ሜትር፣ በማይበልጥ ሕንፃዎች ውስጥ ለ5 ዓመት ያህል የውጭ አገር ሰዎች ከወሰኑ በላይ፣ እስከ መቶ በመቶ ድረስ እንዲገዙ ፈቀደ። ባዶ የቆሙትን ክፍሎች በውጭ ምንዛሪ ለመሙላት የታሰበ ነበር።

የዚህ ፈቃድ ፍጻሜ ለማንኛውም ገዢ ትምህርት ይሆናል። 5 ዓመቱ በ2004 ሲያልቅ የገዙት ሰዎች መብት አልተነካም፤ ክፍሎቻቸው የእነርሱ እንደ ሆኑ ቀጠሉ። ነገር ግን በዚያው ሕንፃ የውጭ ዜጎች ድርሻ ወደ 49 በመቶ እስኪወርድ ድረስ ሌላ የውጭ አገር ሰው ሊገዛቸው አይችልም። ስለዚህ ባለቤቱ በሰፊ ገበያ የገዛውን በጠባብ ገበያ መሸጥ ግድ ሆነበት። በችግር ጊዜ የተሰጠ መብት ከችግሩ ጋር እንደሚያልፍ ይህ ግልጽ ማስረጃ ነው።

በ2008 የተደረገው ማሻሻያ ደግሞ ካለፈው ውድቀት የተገኘ ትምህርት ነው። ሻጩ በማስታወቂያ ያሳየው ሁሉ የውሉ ክፍል እንዲሆን፣ የሽያጩም ውል መንግሥት ባዘጋጀው ቅጽ እንዲፈጸም ታዘዘ። የጋራ ወጪ መዋጮውን በጊዜው በማይከፍል ባለቤት ላይም ቅጣት ተወሰነ።

ከሕንፃው ሥር ያለው አፈር

እስከዚህ የተነገረው ሁሉ የወረቀት ነገር ነው። የጋራ ሕንፃ ገዢ ግን ከሕግ መሠረት ሌላ በእርግጠኛው መሠረት ላይ ጭምር የሚኖር ሰው ነው። ባንኮክ የተቆረቆረችው በቻው ፕራያ ወንዝ ደለል ላይ ነው። ከላይ 12 እስከ 15 ሜትር የሚደርስ ውኃ ያዘለ ለስላሳ ሸክላ አፈር አለ፤ ከሥሩ ጠንከር ያለ ሸክላ ይከተላል፤ የመጀመሪያው የአሸዋ ንጣፍ የሚገኘው ወደ 20 ሜትርና ከዚያ በታች ሲደረስ ነው። ረጃጅም ሕንፃዎች ፓይላቸውን ከዚህም አልፎ ወደ ሁለተኛው አሸዋ፣ እስከ 50 ሜትርና ከዚያም በላይ ያወርዳሉ።

ከተማዋ ለብዙ ዘመን የጕድጓድ ውኃ በብዛት በመሳቧ መሬቱ እየሰመጠ ሄደ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በአንዳንድ ሰፈሮች ስምጠቱ በዓመት ከ10 ሳንቲ ሜትር በላይ ደርሶ ነበር። በ1977 የከርሰ ምድር ውኃ ሕግ ወጥቶ ቁጥጥሩ እየጠበቀ ሲሄድ ፍጥነቱ ቀነሰ። ይህ በሕንፃዎች ላይ የሚያሳየው ምልክት ለመሐንዲስ ዓይን የታወቀ ነው። በጥልቅ ፓይል ላይ የቆመው ሕንፃ ባለበት ሲቆይ ዙሪያው ያለው መሬት ይወርዳል፤ በመግቢያው ደረጃና በእግረኛው መንገድ መካከል ክፍተት ይፈጠራል፤ ወደ ሕንፃው የሚገቡት የውኃና የፍሳሽ ቧንቧዎች ይሰበራሉ። ያንን ደረጃ ማን ይቀጥለዋል? ቧንቧውንስ ማን ይለውጠዋል? የክፍሉ ባለቤት በአሥራ አምስተኛው ፎቅ ላይ ተቀምጦ የመሬት ስምጠት አይመለከተኝም ሊል አይችልም። መልሱ በ1804ቱ የፈረንሣይ አንቀጽ ውስጥ እንደ ነበረው ነው፤ ሁሉም በየድርሻው ያወጣል።

መጋቢት 28 ቀን 2025 ይህ ጥያቄ በከፍተኛ ድምፅ ተሰማ። በዚያን ቀን በበርማ ሳጋይንግ ስንጥቅ ላይ በመጠን 7.7 የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ ደረሰ። ባንኮክ ከሥፍራው ወደ 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅም፣ በግንባታ ላይ የነበረ የመንግሥት ኦዲት መሥሪያ ቤት ሕንፃ ፈርሶ ብዙ ሠራተኞች አለቁ። በመኖሪያ ሕንፃዎች ጣራ ላይ ካሉት መዋኛዎች ውኃ በግድግዳው ቁልቁል ፈሰሰ፤ በብዙ የጋራ ሕንፃዎች የመለያያ ግድግዳዎች ተሰነጠቁ። ምክንያቱ በ1985 በሜክሲኮ ከተማ የታየው ዓይነት ነው። ከሩቅ የሚመጣው ረጅም ሞገድ በለስላሳ አፈር ውስጥ ሲገባ እየጎላ ይሄዳል፤ ቀስ ብሎ የሚወዛወዘውን ረጅም ሕንፃ ያገኘዋል። የታይላንድ መንግሥት በ2007 ባወጣው ደንብ ባንኮክን በለስላሳ አፈርዋ ምክንያት ለመንቀጥቀጥ ጥንቃቄ ከሚያስፈልጋቸው አካባቢዎች አስገብቶ ስለነበር፣ ከዚያ ዘመን በፊት የተሠሩትን ሕንፃዎች ሁኔታ መመርመር የየሕንፃው ማኅበር ሸክም ሆነ።

በዚያች ቀን እያንዳንዱ ባለቤት የገዛው ክፍል ብቻ እንዳልሆነ ተገነዘበ። የተሰነጠቀው ግድግዳ በክፍሉ ውስጥ ከሆነ የእርሱ፣ ምሰሶና ሰረገላ ከሆነ የሁሉም ነው። ማኅበሩ የመድን ዋስትና ገብቶ፣ የመጠባበቂያ ገንዘብ አስቀምጦ፣ ሥራውን የሚያውቅ አስኪያጅ ቀጥሮ ከሆነ ጥገናው ይፈጸማል። ካልሆነ ግን ባለቤትነት የሚባለው ደብተር ስንጥቁን አይደፍነውም። በሌላ አገር የሚኖርና ወደ ጉባኤ የማይመጣ የውጭ ባለቤት ለዚህ ሁሉ ያለው ድምፅ በወረቀት ላይ የቀረ ነው።

ይህ ታሪክ ለእኛ የሚለው

በ2024 የታይላንድ መንግሥት የውጭ አገር ሰዎችን ድርሻ ወደ 75 በመቶ፣ የኪራይ ዘመኑንም ወደ 99 ዓመት ማሳደግ ይቻል እንደ ሆነ እንዲጠና ባዘዘ ጊዜ፣ ከ25 ዓመት በፊት የተሰማው አገር ይሸጣል የሚለው ጩኸት እንደገና ተነሣ። ከ1855 ጀምሮ ያለው አካሄድ ሲጠቃለል አንድ ሕግ ይታይበታል። መንግሥት ሲፈራ ወይም ሲቸግረው በሩን ይከፍታል፤ አቅም ሲያገኝ ያጠባል። በመካከሉ የገባው ገዢ መብት የሚለካው በገባበት ዘመን ሁኔታ ነው።

የኢትዮጵያ ሁኔታ ከዚህ ጋር የሚመሳሰልበትም የሚለይበትም ገጽ አለው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ390ኛው አንቀጹ የውጭ አገር ሰው ያለ ልዩ ትእዛዝ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት እንዳይሆን ከልክሎ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታ ሁሉ የመንግሥት ሲሆን፣ ተወላጁም ራሱ የቤት ባለቤት እንጂ የመሬት ባለቤት አልሆነም። በ1995 ዓ.ም. የጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370 ወጥቶ፣ ብዙም ሳይቆይ ኮንዶሚኒየም የሚለው ቃል በአዲስ አበባ ከቤት ወደ ቤት የሚነገር ሆነ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1388 የውጭ ዜጎች የማይንቀሳቀስ ንብረት እንዲይዙ በር ከፈተ። እንግዲህ በባንኮክ መሬቱን ለመጠበቅ ሲባል የተፈጠረው የ49 በመቶ ክርክር በእኛ አገር በመሬት ላይ ሳይሆን በቤቱ አቅርቦትና በዋጋው ላይ የሚነሣ ይሆናል።

ከባንኮክ ታሪክ ሦስት ነገሮችን ማስተዋል ይገባል። አንደኛ፣ ማናቸውም ወሰን የሚጸናው መዝገቡ ሲጸና ነው። በእያንዳንዱ ሕንፃ ማን ስንት ካሬ ሜትር እንደያዘ በዕለቱ ሊነግር የሚችል መዝገብ ከሌለ፣ 49ም ሆነ 10 በመቶ ባዶ ቍጥር ነው፤ ታይላንድም ወሰኑን ልትሠራበት የቻለችው ከ1901 ጀምሮ መሬቷን ስትቀይስ በመኖሯ ነው። ሁለተኛ፣ ያላለቀ ሕንፃ ክፍል የገዛ ሰው ገንዘብ በሕግ ካልተጠበቀ፣ ሕንፃው ሲቆም ጉዳቱ ለተወላጁም ለእንግዳውም እኩል ነው። ሦስተኛውና ለሙያው ማኅበር በይበልጥ የሚቀርበው፣ የጋራው ክፍል ጉዳይ ነው። ምሰሶው፣ ጣራው፣ የውኃ ጋኑ፣ ሊፍቱና የፍሳሽ መስመሩ ባለቤታቸው ብዙ በመሆኑ ጠባቂ እንዳያጡ፣ የመጠባበቂያ ገንዘብና በየጊዜው የሚደረግ የመሐንዲስ ምርመራ በሕግ ግዴታ ሊሆን ይገባል። አዲስ አበባ ከስምጥ ሸለቆ ጠርዝ የራቀች አይደለችምና፣ የመጋቢት 2025 ትምህርት የሩቅ አገር ወሬ ተደርጎ ሊታለፍ አይገባውም።

በሰው አገር ቤት ለመግዛት የሚነሣ ሰውም አስቀድሞ ሊጠይቃቸው የሚገቡ ጥያቄዎች ከዚሁ ታሪክ ይወለዳሉ። የሕንፃው የውጭ ዜጎች ድርሻ ስንት ቀርቶታል? መብቱ ለልጅ ይተላለፋል ወይስ በአንድ ዓመት ይሸጣል? ማኅበሩ በመጠባበቂያ ያስቀመጠው ገንዘብ ምን ያህል ነው? ፓይሉ እስከ የት ወርዷል? ከእነዚህ የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ሳይጠየቅ የሚቀረው ነው። ደብተሩን የሚጽፈው ጸሐፊ ሕንፃውን የሚሸከመውን አፈር አያውቅም፤ መሐንዲሱ ግን ያውቃልና፣ ገዢው ከመፈረሙ በፊት ሊነግረው የሚገባ እርሱ ነው።